ብረትና ክር

አኩስቲክ ጊታር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማንም ሳይነካው በሚውልበት ቀንም ሥራ ላይ ነው። ስድስቱ የብረት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ አንገቱን የሚጎትቱበት ኃይል ተደምሮ ከ70 ኪሎ ይበልጣል። ቀጠን ያለ ክር የገባለት ኤሌክትሪክ ጊታር እንኳ ወደ 47 ኪሎ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው እንጨቱና አንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ ነው። ከተጫዋቹ ጣት የሚጠበቀው ክሩን ከፍሬቱ፣ አንገቱ ላይ ከተጋደመው ቀጭን ብረት፣ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው፤ ፍሬቱን ጠጋ ብሎ ለያዘ ሰው ደግሞ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል።

ስሌቱን ያስቀደምኩት በጊታሪስቶች መሃል የማይበርድ ክርክር ስላለ ነው። ብረት የሚያነሳ ሰው ጊታር ይከብደዋል ወይስ ይቀልለዋል? አንዱ ወገን «ብረት እጅ ያደርቃል፣ ጣት ያስራል» ይላል። ሌላው «ጉልበት ካለህ ባሬ ኮርድ ምን አላት!» ባይ ነው። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ጡንቻ ነው። ለእኔ ግን ጡንቻው በዚህ ጠብ ውስጥ እጁ የለበትም። ጂም ውስጥ እጅ የሚመሰገነው አጥብቆ ሲይዝ ነው፤ ጊታር ላይ የሚመሰገነው በጊዜው ሲለቅ ነው። አንድ እጅ በአንድ ቀን ሁለቱንም ጠባይ እንዴት እንደሚችል ለማየት ሁለቱንም የሚሠራ ሰው ፈለግሁ።

ያገኘሁበት ጂም አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ የተቀጠለ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ስም የለም፤ ሰፈሩ በባለቤቱ ስም ይጠራዋል። ከውጭ የመጡ ሁለት ባሮች አሉ፣ የቀረው የአገር ቤት ሥራ ነው፦ የቧንቧ ብረት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የቀለም ጣሳ፣ ጣሳው ውስጥ ሲሚንቶ። አንዳንዱ ላይ በጥቁር ቀለም «20»፣ «25» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሚዛን ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ግን አይመስልም። ግራው ከቀኙ የሚከብድ አንድ አለ። ነባሮቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ጀማሪ ሲመጣ ዝም ብለው ያቀብሉታል።

ጊታሪስቱ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ክለብ ውስጥ ሊድ ጊታር ይጫወታል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8። ሰርግ ሲገኝ ሰርግ ይሠራል። ስሙ እንዳይጻፍ ጠይቆኛል። «አለቃዬ ክንዴን ካየ በር ላይ ያቆመኛል» ብሎ ሳቀ።

ግራ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ሁለት ዓይነት ደንዳና ቆዳ አለው። የአራቱ ጣቶች ጫፍ ላይ ያለው ልሙጥና የሚያብለጨልጭ ነው፤ አግዳሚው ላይ ሲያንኳኳበት ጥፍር የነካው ያህል ይሰማል። የጣቶቹ ሥር፣ መዳፉ ከሚጀምርበት ላይ ያለው ደግሞ ቢጫ፣ ሻካራ፣ ጠርዙ የተላጠ ነው። የጣቶቹን ጫፍ እያሳየ «ይሄ እንጀራዬ ነው» አለ። «ይሄኛው ደግሞ የጋሼ ነው።» ጋሼ የሚለው የጂሙን ባለቤት ነው። ቀኝ እጁ ላይ ያለው የጋሼ ብቻ ነው።

ሁለቱ ቆዳዎች አይስማሙም። እጅ በጊታር አንገት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ የሌባ ጣት ሥር እንጨቱን እየታከከ ያልፋል፤ እዚያ ላይ ያበጠ ቆዳ ካለ መንገድ ላይ ይይዛል፣ ቀጣዩ ኮርድ ይዘገያል። ስለዚህ ተረከዝ በሚታሽበት ድንጋይ ያስተካክለዋል። ባሩንም መዳፉ ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ማድረጉን ትቷል፤ ብረቱ ጣቶቹ ሥር ሲያርፍ ቆዳው አይታጠፍም፣ ካልታጠፈ አይቋጥርም። የጣቶቹን ጫፍ ግን ድንጋይ አያስነካቸውም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ የቆየ የጣት ጫፍ ርሶ ይላላል፣ በላላው ላይ ክር ሲሳብበት ይላጣል። ሥራ ባለበት ቀን ገላውን የሚታጠበው ጠዋት፣ ከጂም እንደወጣ ነው፤ እስከ ማታ ጫፎቹ ይደርቃሉ።

የቆዳው ነገር በዓይን ስለሚታይ መላው ቀላል ነው። ችግሩ ከሥር ነው። ጣት ውስጥ ጡንቻ የለም። ስንጎርስም፣ ስንጽፍም፣ ስንጨብጥም ጣቶቻችንን በኃይል የሚያጥፉት ጡንቻዎች ያሉት ከክርን እስከ አንጓ ባለው የክንድ ክፍል ነው። ከዚያ ረጃጅም ጅማቶች በአንጓ በኩል አልፈው እስከ ጣት ይዘልቃሉ። ከአውራ ጣት በቀር እያንዳንዱ ጣት ሁለት እንዲህ ያሉ ጅማቶች አሉት፤ አሠራራቸው ደግሞ የሚገርም ነው፦ ላይኛው ጣቱ ውስጥ ሲደርስ ለሁለት ተሰንጥቆ ታችኛውን በመሃሉ ያሳልፈዋል፣ ታችኛው እስከ ጣቱ ጫፍ አጥንት ይሄዳል። ባሬ ኮርድ ሲያዝም ፑል አፕ ሲሠራም የሚጎተቱት እነዚሁ ናቸው። የሚያልፉበት የአንጓ መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣበው ይሄዱበታል። አካባቢው ሲያብጥ ተጨምቆ የሚጮኸው ነርቩ ነው።

እንግዲህ ጠዋት ዴድሊፍት የሠራ ሰው ማታ ጊታሩን ሲያነሳ ወጪውን የሚያደርገው ከዚያው ከአንድ የባንክ ደብተር ነው። ጡንቻው ቶሎ ያገግማል። ጅማት ግን ደም እንደ ጡንቻ ስለማይደርሰው ለመጠንከርም ለመዳንም ቀርፋፋ ነው። ጀማሪ በጥቂት ወር ውስጥ ክንዱ ሲሞላ ያያል፣ ክብደት ይጨምራል፤ ጅማቱ ገና አልደረሰለትም። በክርን ውስጠኛ ጎን ጀምሮ ዕቃ ሲያነሱ የሚወጋው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። በዚህ ላይ ሰውየው ጊታሪስት ከሆነ እጁ የሚያርፍበት ሰዓት የለውም።

ጠዋት ጀርባ የሠራበት ቀን ማታ የባንዱ ልምምድ ላይ ተገኘሁ። ፑል አፕ፣ ሮው፣ ዴድሊፍት ሠርቷል። ክፍሉ በሰዓት የሚከፈልበት ነው፣ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች በትዝታ ቅኝት፣ ረጋ ያሉ ስለነበሩ ምንም አልታየም። ከዚያ በአንቺሆዬ የተሠራ አንድ ፈጣን ዘፈን መጣ፤ ጊታሩ ሳክስፎኑን ኖታ በኖታ እየተከተለ መሄድ አለበት። ቀለበት ጣቱ ወደ ኋላ ቀረ። እንደገና ጀመሩ። አሁን ፍጥነቱን ያዘ፣ ግን ኪቦርዲስቱ እጁን አነሳ።

«ሻርፕ ነህ።»

ጊታሪስቱ መቃኛውን አበራ። ስድስቱም ክር ልክ ነው። እንደገና ተጫወቱ።

«አሁንም ሻርፕ ነህ ስልህ!»

ክሩ ልክ ሆኖ ድምፁ ከፍ የሚለው እጁ ከሚገባው በላይ ስለሚጫን ነው። ጣት ክሩን ፍሬቱ ላይ ካሳረፈው በኋላ መጫኑን ከቀጠለ ክሩ ከፍሬቱ ጀርባ ወደ እንጨቱ ይጎብጣል፣ ውጥረቱ ይጨምራል፣ ድምፁ ሽቅብ ይሄዳል። ክሩ በቀጠነና ፍሬቱ ከፍ ባለ ቁጥር ይብሳል። በአንድ ኖታ ላይ የማይሰማ ቢሆንም ኮርድ ላይ ስድስቱም በየራሳቸው መጠን ሲያፈነግጡ ኪቦርዱ አጠገብ ያሳፍራል። የጠዋቱ ብረት ከእጁ አልወጣም ማለት ነው። ሲነግረኝም «እየደከመኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እጄ አልለቅም ነው ያለኝ» አለ።

ያደረገው ነገር ቀላል ነው። አምፕሊፋየሩን ዝቅ አድርጎ ጣቱን ክሩ ላይ ሳይጫን አሳረፈና መታ፤ ታፍኖ ድፍን ድምፅ ወጣ። በጣም በጥቂቱ ጫን አለ፤ ጫጫ አለ። ሌላ ጥቂት ጨመረ፤ ጠራ። እዚያው ላይ ቆመ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ፍሬት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጣት፤ ሌሎቹ ሻይ እስኪጠጡ ድረስ ይህንኑ ሲያደርግ ቆየ። እጅ የሚበቃውን መጠን እንደገና እንዲያስታውስ ነው። ሲመለሱ ኪቦርዲስቱ አንገቱን ነቀነቀ፣ ሌላ አስተያየት አልሰጠም።

በእኛ ሙዚቃ ይህ መልቀቅ የሚሉት ነገር ከጌጥ በላይ ነው። በችክችካ ምት ጊታሩ ብዙ ጊዜ ኮርዱን አያስረዝምም፤ ቆርጦ ይጥለዋል። ቆራጩ ደግሞ የግራ እጅ ነው፦ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ። የማይለቅ እጅ ምቱን ያጨቀየዋል። ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጋር ሰላም ሥዩም የተጫወተባቸውን የካሴት ዘመን ሥራዎች በጆሮ ማዳመጫ ያደመጠ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። እዚያ ጊታሩ ውስጥ የሚሰማው ዝምታ ከድምፁ አይተናነስም።

ጉልበትና ችሎታን ማምታታት አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሮበርት ሹማን በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ታላቅ ፒያኒስት ለመሆን ሲታገል ጣቱን ለማጠንከር መሣሪያ ይጠቀም ነበር። የቀኝ እጁ ጣት እምቢ አለው፤ ፒያኒስትነቱ ቀረና ሙዚቃ ደራሲነቱ ተረፈ። ለጉዳቱ ተጠያቂው መሣሪያው ነው የሚሉም፣ ሕመሙ አእምሮ ጣትን ማዘዝ የሚሳነው ፎካል ዲስቶኒያ ነበር ብለው የሚጠረጥሩም አሉ። ያም ሆነ ይህ የመሣሪያው ዘመዶች ዛሬም ገበያ ላይ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ጣት አንዳንድ ስፕሪንግ ያለው፣ «ለጊታሪስት» ተብሎ የሚሸጥ መጭመቂያ። ጂም ለሚሠራ ጊታሪስት ከዚህ የባሰ ስጦታ አይታየኝም። መጨበጥ የጠገበን እጅ ተጨማሪ መጨበጥ ያስተምረዋል።

ከሹማን ይልቅ የእንግሊዛዊው ጊታሪስት የቶኒ አዮሚ ታሪክ ይጠቅመናል። በ1965 (እ.ኤ.አ.) በበርሚንግሃም ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ፣ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ የተቆረጡት ክር የሚጫንባቸው ጣቶች ነበሩ። ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ በቆዳ ለበጠው። ከሁሉ በላይ ግን ክሩን ቀየረ። በዚያን ጊዜ ለጊታር ቀጭን ክር እንደ ልብ ስለማይገኝ የባንጆ ክር አስገባ፤ በኋላም ቅኝቱን ዝቅ እያደረገ ክሩን አላላው። ከብላክ ሳባዝ ጋር የሰማነው ያ ከባድ ድምፅ የወጣው ከላላ ክር ነው። በብረት የተጎዳ ሰው ጣቱን ለማፈርጠም አልተነሳም፤ ጣቱ የሚገፋውን ነገር ቀነሰ። የእኛም ጊታሪስት ጀርባ በሚበዛበት ሰሞን አንድ ደረጃ ቀጠን ያለ ክር ያስገባል፤ «ሰው አያውቅብኝም» ይላል።

ትልቅ ክንድ ብቻውን ጣት ያዘገያል ለሚሉት ግን መልስ አለ። ከኦዚ ኦዝበርን ጎን የተጫወተው ዛክ ዋይልድና የድሪም ቲያትሩ ጆን ፔትሩቺ ብረት በማንሳት የታወቁ ናቸው፤ ስለ ጣታቸው ፍጥነት መናገር አያስፈልግም። በእኛም አገር ቢሆን ሙዚቀኛና ስፖርተኛ እንዲህ የተለያዩ ሰዎች አልነበሩም። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ የዘፈኑበት የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የጦር ክፍል ባንድ ነበር። ሙዚቀኛ ማለት ቀኑን የሚተኛ ቀጭን ሰው ነው የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከማታ ሥራው ይሆናል።

ብረት ለጊታሪስት የሚሰጠው ጥቅም ያለው ትከሻና ጀርባ ላይ ነው። ሌስ ፖል ጊታር 4 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ይህ ክብደት በአንድ ማንገቻ በግራ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ አራት ሰዓት ሲቆምበት፣ ተጫዋቹ ደግሞ አንገቱን ወደ ፍሬቱ ሰብሮ ሲያይ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ የሚያመው ጣቱ አይደለም። ወደ ኋላ የሚጎትቱ እንቅስቃሴዎች ያን ትከሻ ያቆማሉ። ከወገብ በታች ያለው ሥራ ደግሞ እጅን እምብዛም አይነካም፤ ስኳት ሠርቶ ማታ ሶሎ መጫወት ይቻላል፣ መድረክ ላይ ደረጃ መውጣት ካልተጠየቀ። ደረት በሚሠራበት ጊዜ የሚያሳስበው አንጓው ነው፤ ባሩ መዳፍ ላይ ሲያርፍ አንጓ ወደ ኋላ ከተሰበረ ያ ጠባብ መተላለፊያ ይጨነቃል። የእኛ ጊታሪስት ፑሽ አፕን በዳምቤል እጀታ ላይ ይሠራል፣ አንጓው ቀጥ ብሎ እንዲቆይ።

ጀርባን ሳይተው እጁን ለማዳን ያገኘው መላ የአንጓ ማሰሪያ ነው። ጨርቁ በአንጓ ዞሮ ባሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ክብደቱን የሚይዘው ማሰሪያው ይሆናል፤ ጀርባው ድርሻውን ይሠራል፣ ጣቶቹ ያርፋሉ። ይህን ይዞ የመጣ ቀን ጂሙ ሳቀበት። ጋሼ ስልሳዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው፤ አልሳቁም፣ ተቆጡ።

«አንተ ልጅ፣ በገመድ የሚጎተት በሬ ነው! ብረት በእጅ ነው የሚነሳው።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ ጠዋት ነው። የኔ ሥራ ማታ ነው።»

«እና እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ጀርባዬን።»

ከዚያ በኋላ ጋሼ ማሰሪያውን አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። እኔ ሳለሁ ግን ለአንድ ጀማሪ «ከሱ ይህን ብቻ አትማር» ሲሉት ሰምቻለሁ።

ቀኑን ስለማደራጀት ጊታሪስቱ የነገረኝ ብዙ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቀን ከዋሉ ጊታሩ ይቀድማል። ሙዚቃ ትኩስ እጅ ይፈልጋል፣ ብረት ግን የደከመንም ይቀበላል። ማታ መጫወት ግድ ሆኖ ብረቱ ከቀደመ ደግሞ በመሃላቸው ያለው ሰዓት ብዙ ቢሆን ይሻላል። ከባድ ሥራ በማግስቱ ነው የሚበረታው፤ የጡንቻ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚከፋው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ዓርብና ቅዳሜ ክለብ ያለው ሰው ሐሙስ ጀርባ መሥራቱ ሐሙስ ዕለት አይቆጨውም።

አንድ ነገር ግን በመላ አይታለፍም። የሥራ ድካም የሚያም፣ የሚያደርቅ፣ በዕረፍት የሚሄድ ነገር ነው። ትንሿ ጣትና ቀለበት ጣት መደንዘዝ ከጀመሩ፣ ወይም ሌሊት አውራ ጣትና ሌባ ጣት እየነዘሩ ከእንቅልፍ ካስነሱ ይህ የነርቭ ምልክት ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በክርን ጀርባ ከሚያልፈው ነርቭ፣ ሁለተኛው በአንጓ ከሚያልፈው ጋር ይያያዛል። ሳያም ጣት አልታዘዝ ካለም እንዲሁ። ይህን በቅባትና በወጌሻ ይዞ መቆየት የለመድነው ስህተት ነው፤ ሐኪም ማየት አለበት። ወጌሻ ለወለምታ ያለውን ክብር አልነካም፣ የተጨመቀ ነርቭ ግን ታሽቶ አይድንም።

የሥልጠና መጻሕፍት ዓመቱን በከባድና በቀላል ወራት ከፋፍሉት ይላሉ። ይህ ሰው መጽሐፍ አላስፈለገውም፤ ዓመቱ ተከፋፍሎ ነው የመጣለት። ጥር የሰርግ ወር ነው፣ እጅ ለብረት አይተርፍም፤ እግርና ሆድ ብቻ ይሠራል። ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ ይቆማል፣ ክለቡም ይቀዘቅዛል፤ 55 ቀን ክንዱ ነፃ ነው። ችግሩ በእነዚያው ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ሰው የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይመክራሉ፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም ይመጣል። ይህን በሽሮ፣ በምስር፣ በባቄላና በለውዝ መሙላት ይቻላል፤ ግን ብዙ መብላት ይጠይቃል፣ የሚበላበት ሰዓት ደግሞ ጾሙን አጥብቆ ለያዘ አጭር ነው። እሱ ከሰዓት በኋላ ይሠራና ከብረቱ በቀጥታ ወደ ማዕዱ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ክብደት አይጨምርም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የዓመቱን ትልቅ ክብደት ያነሳው በጾም ነው።

የዘንድሮው ዕቅዱም ይኸው ነው። ባንዱ ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ ተይዟል፤ ልምምዱ በሕማማት ባይኖርም እጁ ከዚያ በፊት መፍታት አለበት። «እስከ ሆሳዕና ድረስ ጀርባ፣ ከዚያ በኋላ እግር ብቻ» አለኝ። ጋሼ ከወዲያ ጥግ ጣሳ እያነሱ ሰምተዋል።

«ሕማማት ላይ ስግደት አለ» አሉት። «እግርህንም ተወው።»